ውሃና ቆዳ፦ የሽጉጥ ካርታ ኪስ እንዴት ቅርጽ ይይዛል

የጠፍር አልጋ ሲሠራ ያየ ሰው የዚህን ጽሑፍ ግማሽ አስቀድሞ ያውቀዋል። ጠፍሩ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ሲለሰልስ ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው እየተሳበ ይጠላለፋል፣ ከዚያ እንዲደርቅ ይተዋል። በማግስቱ በጣት ቢመቱት እንደ ክራር ጅማት ይጮኻል። ከበሮም እንዲሁ ነው፤ ቆዳው እርጥብ ሆኖ ይለበጣል፣ ሲደርቅ ይወጠራል። ቆዳ ውሃ ሲጠጣ የሰጡትን ቅርጽ ይቀበላል፤ ውሃውን ሲያወጣ በዚያው ቅርጽ ይጸናል። ዛሬ ላስረዳው የምፈልገው ሥራ፣ ማለትም ለሽጉጥ ካርታ ልኩን የያዘ የቆዳ ኪስ መሥራት፣ የቆመው በዚሁ ጠባይ ላይ ነው።

ካርታ ስል ጥይት ተደርድሮበት በሽጉጡ እጀታ ውስጥ የሚገባውን የብረት ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ማለቴ ነው፤ ካዝና የሚሉትም አሉ። በፈቃድ ሽጉጥ የሚይዝ ሰው፣ ፖሊስም ይሁን የጥበቃ ሠራተኛ ወይም የዒላማ ተወዳዳሪ፣ ብዙ ጊዜ መለዋወጫ ካርታ ይይዛል። ይህን ዕቃ የሱሪ ኪስ ውስጥ ቢከቱት ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ይጋጫል፣ ትቢያ ይገባበታል፣ በተፈለገ ጊዜም ዞሮ ወይም ተገልብጦ ይገኛል። ስለዚህ ቀበቶ ላይ የራሱ ቤት ይሠራለታል።

ቤቱ በየዘመኑ የተለያየ መልክ ነበረው። ማካሮቭ በአገራችን ስሙ የታወቀ ሽጉጥ ነው። የሶቪየት ጦር ለማካሮቭ ያሠራው የቆዳ አፎት 8 ጥይት ለሚይዘው መለዋወጫ ካርታ ጠበብ ያለች ኪስ ተሰፍታለት ነበር፤ ከላይ የአፎቱ ትልቅ ክዳን ሁሉንም ይሸፍናል። የጀርመኑ ሉገርም አፎቱ ጠርዝ ላይ እንዲህ ያለች ኪስ ነበረችው። የአሜሪካ ጦር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1911 ጆን ብራውኒንግ የነደፈውን ኮልት ሲቀበል፣ ለወታደሩ ያደለው ባለ ክዳንና ባለ ቁልፍ የሸራ ኪስ ነበር፤ በውስጡም 7 ጥይት የሚይዙ ሁለት ካርታዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እነዚህ ሁሉ የሠሩት በክዳን ነው። ካርታው እንዳይወድቅ የሚጠብቀው ክዳኑ ስለሆነ ኪሱ ሰፋ ቢል ግድ የለም።

ሲቪል ለብሰው መሣሪያቸውን በኮት ሥር የሚይዙ የአሜሪካ ፖሊስ መርማሪዎች ግን ክዳኑ አስቸገራቸው። ያብጣል፣ በልብስ ላይ ይታያል፣ ለመክፈትም ጊዜ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ይሠራ የነበረው ቺክ ጌይሎርድ፣ እርጥብ ቆዳን በራሱ በመሣሪያው ቅርጽ እየጨመቁ አፎት በመሥራት ስማቸው በቀዳሚነት ከሚነሳ ባለሙያዎች አንዱ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡ የአሜሪካ አፎት ሠሪዎች ይህን መንገድ ይዘው ለካርታም ክዳን የሌለው ኪስ ሠሩ። የሚይዘው ቁልፍ የለም፣ ላስቲክ የለም፣ ማግኔት የለም። የሚይዘው ቆዳው ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚከብደው። ከኪሱ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይጠበቃል። ተዘቅዝቆ ሲናወጥ ካርታውን እንዳይለቅ፣ በሁለት ጣት ሲሳብ ግን ሳይንገራገር እንዲለቅ። ጠበቅ ያለ እንደሆነ ባለቤቱ ሲስበው ቀበቶው አብሮ ይነሳል። ላላ ያለ እንደሆነ መኪና ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ካርታው መሬት ላይ ይቀራል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሚሊ ሜትር ክፋይ ነው። ይህን የሚወስነው ስፌቱ ይመስላል፤ እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲያ አምን ነበር። አሁን ግን ሥራው የሚበላሸው ወይም የሚሠምረው በሁለት ቦታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መርፌ ከመነሳቱ በፊት በቆዳው ምርጫ፣ መርፌ ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ በአደራረቁ።

ከምርጫው ልጀምር። የመጀመሪያዬን ኪስ የሠራሁት ከሶፋ ሥራ በተረፈ ቆዳ ነበር። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ መልኩም ያማረ። ነከርሁት፣ በእንጨት ላይ ጨምቄ ቅርጽ አስያዝሁት፣ ሌሊቱን አሳደርሁት። ጠዋት እንጨቱን ሳወጣው ቆዳው እንደ መሀረብ ጠፍጣፋ ሆኖ ተኛ። ጥፋቱ የእጄ አልነበረም። ቆዳው ቅርጽ የሚይዝ ቆዳ አልነበረም።

ምክንያቱ ቆዳው የለፋበት መንገድ ነው። ጥሬ ቆዳ ኮላጅን ከሚባል የፕሮቲን ጭረት የተሸመነ ነው። ውሃ ሲገባበት ጭረቶቹን ያያያዘው ማሰሪያ ይላላል፣ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ውሃው ሲወጣ ባሉበት ይያያዛሉ። ጠፍሩ የሚከርረውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ጥሬ ቆዳ እንደገና ውሃ ሲነካው መልሶ ይልማል፣ ቢቆይም ይሸታል፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ መልፋት አለበት። ዛሬ በዓለም ላይ አብዛኛው ቆዳ የሚለፋው በክሮም ጨው ነው። ክሮም ጭረቶቹን በጥብቅ ስለሚያስራቸው ቆዳው ውሃም ሙቀትም ብዙ አይለውጠውም፤ ሲያጣጥፉት ይታጠፋል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ለጃኬት፣ ለሶፋ፣ ለጫማ ፊት እጅግ ጥሩ ነው። ለእኛ ሥራ ግን የሚመለስ ቆዳ አይሆንም።

የምንፈልገው በዕፅዋት የለፋውን ነው። ከዛፍ ልጣጭ፣ ከእንጨትና ከቅጠል የሚወጣው ታኒን በጭረቶቹ መካከል ገብቶ ቦታውን ይሞላል፤ ቆዳውን ሥጋ ያለው፣ ጠጠር ያለ ያደርገዋል። ውሃ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ ግን የተጨመቀበትን ይዞ ይቀራል። ከዋነኞቹ የታኒን ምንጮች አንዱ ሚሞሳ የሚባለው ነው። ይህም መነሻው አውስትራሊያ የሆነ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በብራዚል በሰፊው የተተከለ የግራር ዓይነት ልጣጭ ነው። በአዊ ገበሬዎች ለከሰል የሚተክሉት ዲከረንስ የዚሁ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ልጣጩም ታኒን አለው። ከሰሉ ሲከስል ልጣጩ የት እንደሚገባ ባሰብሁ ቁጥር ይቆጨኛል።

ሁለቱን ቆዳዎች ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጠርዙን በስለት ቆርጦ መሃሉን ማየት ነው። በክሮም የለፋው ብዙ ጊዜ መሃሉ ሰማያዊ ያደላው ግራጫ ነው፤ በዕፅዋት የለፋው ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ወይም የገለባ መልክ አለው። ቀለም ባልተቀባ ቆዳ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ይጣል፤ በዕፅዋት የለፋው ወዲያው ይጠጣዋል፣ ቦታውም ይጠቁራል። በጥፍር ሲጫኑት ምልክቱን ይዞ ይቀራል። ሽታውም ይለያል፤ የእንጨትና የቅጠል ሽታ አለው።

ከዚያ ውፍረት አለ። የደጋ በጋችን ቆዳ በውጭ አገር ለጓንት የሚፈለገው ስስ፣ ጠንካራና ልስልስ በመሆኑ ነው፤ ለኪሱ ግን የሚያስፈልገን የዚህ ተቃራኒ ነው። የበሬ ወይም የላም ቆዳ መሆን አለበት፤ ውፍረቱም ከ2.8 እስከ 3.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። አሜሪካኖቹ ይህን በአውንስ ይጠሩታል፤ አንድ አውንስ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ የእኛ ቆዳ ከ7 እስከ 8 አውንስ ይሆናል። ከከብቱ ገላ ደግሞ ጀርባው ይመረጣል። የሆዱ ቆዳ ከብቱ ሲበላና ሲጠጣ ሲለጠጥ የኖረ ነውና ጭረቱ ላላ ያለ ነው፤ ቅርጽ ቢይዝም ከጥቂት ወር በኋላ ይለቃል።

ቆዳው ከተገኘ ልክ ይወሰዳል። ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በሥራ ጠረጴዛ ላይ ጥይት አይቀመጥም። ካርታው ባዶ መሆኑ ሁለት ጊዜ ይታያል፤ ሽጉጡ ራሱ ጨርሶ አያስፈልግም። ከሁሉ የሚሻለው ካርታውን አንድ ጊዜ በካሊፐር ለክቶ ከጠንካራ እንጨት አምሳያውን ማስጠረብ ነው። እንጨቱ ውሃ አይፈራም፣ አይዝግም፣ ማንንም አያሰጋም፤ ሠሪውም የሰው መሣሪያ ቤቱ አያሳድርም። በአገራችን መሣሪያ መያዝ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ካርታውን ይዞ የሚመጣ ደንበኛም ፈቃዱን ይዞ ይምጣ።

ልኩን ለመውሰድ ቀላሉ ዘዴ ወረቀት ነው። ሁለት የቆዳ ገጾች፣ አንዱ በውጭ አንዱ በገላ በኩል ሆነው ካርታውን እንደ ሳንድዊች ይይዙታል፤ በግራና በቀኝ ይሰፋሉ። በአንዱ ስፌትና በሌላው መካከል ምን ያህል ይሁን? ጠባብ ወረቀት በካርታው ዙሪያ አንድ ጊዜ ይጠመጠምና ዙሪያው ይለካል። ለምሳሌ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን እያንዳንዱ ገጽ ግማሹን፣ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ይሸፍናል። በዚህ ላይ የአንድ ቆዳ ውፍረት፣ 3 ሚሊ ሜትር፣ ይጨመራል፤ ቆዳው ሲታጠፍ ውጫዊው ፊቱ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ ሁለቱ የስፌት መስመሮች በ5.3 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ። ይህ ቁጥር የልኩ ልብ ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ካርታው ይንገጫገጫል፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢጠብ እርጥቡ ቆዳ ውስጥ እንኳ አይገባም።

ከስፌቱ ውጭ በግራና በቀኝ የቀበቶ ማስገቢያ የሚወጣበት ክንፍ ይተዋል፤ ለእያንዳንዱ 2 ተኩል ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። ክንፉ ኪሱን ወደ ገላ ይስበዋል፣ በዳሌው ዙሪያ እንዲተኛም ያደርገዋል። ቁመቱን የሚወስነው ጣት ነው። ካርታው ኪሱ ውስጥ የሚገባው ተገልብጦ፣ ጥይት የሚወጣበት አፉ ወደ ታች ሆኖ ነው፤ መቀመጫው ላይ ይቀራል። ሁለት ጣትና አውራ ጣት ጥሩ አድርገው እንዲይዙት ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ከኪሱ አፍ በላይ ይቁም። ለቀኝ እጅ ሰው ኪሱ በግራ ዳሌ ላይ ይውላል፤ የጥይቶቹ ጫፍ ወደ ቀበቶው ዘለበት ያያል። ከሥር ትንሽ ቀዳዳ መተው ደግ ነው፤ ትቢያና ላብ መውጫ ያገኛሉ።

ገጾቹ በሹል ከተር ይቆረጣሉ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ሻካራው ፊት ላይ ማስቲሽ ይቀባል፤ ጫማ ሰፊዎቻችን የሚጠቀሙበት ያው ሙጫ ነው። ሁለቱም እስኪደርቁና እጅ ላይ እስከማይጣበቁ ድረስ ይጠበቅና ይገጣጠማሉ። ካርታው የሚያልፍበት መሃል ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ እንዳትነካ። ከዚያ የስፌቱ መስመር ላይ ስስ ቦይ ይወጣል፤ ክሩ እዚያ ውስጥ ሰጥሞ ከመፋቅ ይድናል። ቀዳዳዎቹ በየ4 ሚሊ ሜትሩ በወስፌ ይበሳሉ፤ ወስፌው ቀጥ ብሎ ካልገባ ከፊት ያማረ ስፌት ከኋላ ይዘባርቃል።

ስፌቱ የኮርቻ ስፌት የሚባለው ነው። አንድ ክር በሁለት ጫፉ ሁለት መርፌ ይይዛል፤ ሁለቱም በእያንዳንዱ ቀዳዳ፣ አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ፣ ይተላለፋሉ። የመኪና ስፌት አንድ ቦታ ቢበጠስ መስመሩን ተከትሎ ሊተረተር ይችላል፤ የኮርቻ ስፌት ግን በአንድ ቦታ ቢቆረጥ ሁለተኛው ክር ይዞት ይቆያል። ቀበቶ ላይ ከወንበርና ከመኪና በር ጋር ሲታሽ የሚውል ዕቃ ይህ ይገባዋል። ክሩ በንብ ሰም የታሸ የተልባ እግር ወይም የፖሊስተር ይሁን፤ ርዝመቱም ከስፌቱ አራት እጥፍ በላይ ይቆረጥ። የኪሱ አፍ ላይ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ መስፋት ያስፈልጋል፤ ካርታው በገባና በወጣ ቁጥር የሚመታው እዚያ ነው።

አሁን ውሃው ይመጣል። ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ በሳህን ይቀርብና ኪሱ ይጠልቃል። ትንንሽ አረፋዎች ከቆዳው ይወጣሉ። አረፋው ሲሳሳ፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ፣ ይወጣል። ከውሃ እንደወጣ መቅረጽ አይቻልም፤ በጣም የጠጣ ቆዳ እንደ ጭቃ ይልማል እንጂ መስመር አይይዝም። ፌስታል ውስጥ አድርጎ ማሳረፍ ነው፤ ውሃው ወደ መሃል ይገባል፣ ፊቱ ይጠነፍፋል። መልኩ ወደ ቀድሞው መመለስ ሲጀምር፣ ጉንጭ ላይ ሲያስነኩት ግን ገና ሲቀዘቅዝ፣ ጊዜው ደርሷል። ያ ሰዓት አጭር ነው፤ ስልክ ቢጠራም አላነሳም።

የብረት ካርታ የሚጠቀም ሰው በስስ ፌስታል ይጠቅልለው። ይህ ለዝገት ብቻ አይደለም። ታኒን ከብረት ጋር እርጥበት ላይ ሲገናኝ ይጠቁራል፤ እንደ ቀለም ሰርጎ የሚገባ እንጂ የሚታጠብ ጥቁረት አይደለም። በዚሁ ምክንያት የብረት ሳህን አልጠቀምም፣ እጄም ላይ የብረት ብናኝ እንዳይኖር እታጠባለሁ፣ ቀለበቴንም አወልቃለሁ። እርጥብ ቆዳ የሚነካውን ሁሉ ይመዘግባል፤ ጥፍር፣ የሰዓት ማሰሪያ፣ የጠረጴዛ ፍርፋሪ።

ካርታው ወይም እንጨቱ ቀስ ተብሎ እየተገፋ ይገባል። ቦታውን ሲይዝ መጀመሪያ በአውራ ጣት ብቻ፣ በመሃል ጀምሮ ወደ ስፌቱ፣ ቆዳው ይታሻል። ጎኑ ከካርታው ጋር ተጣብቆ ወደ ክንፉ የሚታጠፍበት ማዕዘን ዋናው ቦታ ነው። ካርታውን የሚይዘው ጠፍጣፋው ፊት ሳይሆን በአራቱ ማዕዘን ላይ ያለው ይህ እጥፋት ነው። እዚያ ላይ ጣት አይደርስም፤ ለስላሳ፣ ዱልዱም ጫፍ ያለው ነገር ያስፈልጋል። በባለሙያዎቹ ዘንድ አጥንት ወይም የአጋዘን ቀንድ ይሠራበታል። እኔ የምሠራው በቀንድ ማንኪያ እጀታ ነው። በመቶ ጊዜ ምልልስ፣ ሳይጫኑ፣ እንደ መተኮስ እየነዱ ነው መስመሩ የሚወጣው። አንድ ጊዜ በኃይል የተጫነ ቦታ ላዩ ይላጣል እንጂ አይጠልቅም።

እዚህ ጀማሪ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። መስመሩ ሲወጣ ደስ ስለሚል ያገኙትን ጉድጓድና ጉብታ ሁሉ ማጉላት ይጀምራል። ካርታ ግን የሽጉጡ መያዣ የሚገባበት ሽንቁር ከጎኑ አለው፤ ቆዳው እዚያ ውስጥ በጥልቅ ከተጨመቀ ሲደርቅ እንደ ጥርስ ይነክሳል፣ ካርታው አይወጣም። ቀጥ ብሎ የሚወጣ ዕቃ በመንገዱ ላይ ምንም የሚያደናቅፈው መኖር የለበትም። ስለዚህ ርዝመቱን ተከትለው የሚሄዱ መስመሮች እንዲጠልቁ ይደረጋል፤ መንገዱን የሚያቋርጡት ይታለፋሉ። ብዙ ኪስ በአንድ ልክ የሚሠራ ሱቅ ይህን በእጅ አያደርገውም፤ በካርታው ቅርጽ የተቦረቦረ ሳንቃ በላዩ አስቀምጦ በሞርሳ ይጨምቀዋል። ፈጣን ነው፣ ንጹሕም ነው። በእጅ የተሠራው ግን የእያንዳንዱን ቆዳ ውፍረትና ልስላሴ እየተከተለ ስለሚሄድ ይበልጥ ይስማማኛል።

ቅርጹ ከወጣ በኋላ ካርታው ተስቦ ይወጣና ኪሱ ባዶውን ይደርቃል፤ እንጨት ከሆነ ጥቂት ሰዓት ውስጡ ቢቆይ ይጠቅማል። ሁለተኛው መስቀለኛ መንገድ ይህ ነው።

አንድ ጊዜ ለቸኮለ ሰው የሠራሁትን ኪስ ቤት ባለው ምድጃ ውስጥ ከተትሁት። ምድጃው በዝቅተኛው ምልክት ላይ ነበር፤ እኔም ዝቅተኛ ማለት ለብ ያለ መስሎኝ ነበር። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስከፍተው ቆዳው ጠቁሮ፣ ተኮማትሮ፣ አፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር። በጣቴ ስጫነው እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰነጠቀ። የሁለት ቀን ሥራ ነበር፤ ሰውየውም ባዶ እጁን ሄደ፤ ያን ቀን ከልቤ አዘንሁ። በኋላ እንደተረዳሁት እርጥብ በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ከ70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሆን የኮላጅኑ ጭረት ራሱ ይፈታና ይኮማተራል፤ ከዚያ መመለሻ የለውም። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን ይህን ጠባይ አውቀው፣ በልክ እያደረጉ፣ ጥሩርና የዕቃ ማኅደር ያጠነክሩበት ነበር። ልኩን ያለፈ ግን ይሰባበራል።

እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከፀሐይ ርቆ፣ ነፋስ በሚያገኝ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ መተው ነው። ሁለተኛው በቴርሞሜትር እየተጠበቀ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ባለ ሙቀት አንድ ሰዓት ያህል ማሞቅና ቀሪውን በክፍሉ አየር ማድረቅ ነው። ይህ ለብታ ቆዳውን ትንሽ ያጠነክረዋል፤ ሲመቱት የእንጨት ድምፅ ይሰጣል። ሲደርቅ በየመሃሉ ተመልሶ በቀንዱ መስመሩን ማደስ ደግሞ ያሳምረዋል። ቆዳው ከመድረቁ በፊት አንድ ጊዜ በርሜል ወይም ጠርሙስ ላይ አስደግፎ ክንፎቹን እንደ ዳሌ ማጉበጥም ያኔ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ቢታጠፍ ፊቱ ይጨማደዳል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ደስታ ነው። የቀበቶ ማስገቢያዎቹ ይከፈታሉ፤ ሁለቱ ጫፎቻቸው ክብ ሆነው ይበሳሉ፣ መሃላቸው ይቆረጣል፤ ቀጥ ያለ ማዕዘን ከተተወ እዚያ ይቀደዳል። ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፣ ሹልነቱ በስለት ይነሳል፣ በትንሹ ረጠብ ተደርጎ በሸራ ጨርቅ ይታሻል፤ ሲፋተግ ሙቀቱ ጭረቶቹን አጣብቆ ጠርዙን እንደ ጠጠር ያለሰልሰዋል። ቀለም የሚፈልግ በአልኮል የቀጠነ የቆዳ ቀለም በጨርቅ ይቀባል። ዘይት በጣም በትንሹ ይሰጠዋል፤ ውሃው ሲወጣ የቆዳውን ስብ ይዞ ስለሚወጣ ጥቂት መመለስ ያስፈልጋል፤ ሲበዛ ግን ያን ሁሉ ደክመንበት ያገኘነውን ጥንካሬ ያለሰልሰዋል። በመጨረሻ ላዩ ላይ ስስ የንብ ሰም።

አዲስ ኪስ ሁልጊዜ ትንሽ ይጠብቃል። ውስጡን ቅባት መቀባት አይገባም፤ ቅባቱ ትቢያ ይሰበስባል፣ ካርታውም ውስጥ ይገባል። ባዶ ካርታ በሁለት ሦስት ድርብ ስስ ፌስታል ጠቅልሎ፣ ውስጡ ከትቶ ማሳደር ይበቃዋል። ላላ ካለ ደግሞ ማዕዘኖቹ ብቻ በስፖንጅ ይረጥቡና እንደገና በቀንዱ ይነዳሉ፤ ቆዳ ሁለተኛ ዕድል ይሰጣል። የበጋ ፀሐይ የሚያገኘው የመኪና ዳሽቦርድ ላይ መተው ግን የተሠራውን ያፈርሰዋል።

ባለቤቱ ማወቅ ያለበት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የቆዳ ኪስ መሸከሚያ ነው እንጂ ማከማቻ አይደለም። ቆዳ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ ከልፋቱም የቀረ አሲድ አለበት። ለወራት ቆዳ ውስጥ የተቀመጠ የነሐስ ቀለህ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ዝገት ያወጣል፤ በድሮ ዝናር ውስጥ የተገኙ ጥይቶች ላይ የሚታየው ያው ነው። ማታ ካርታው ወጥቶ በሚቆለፍበት ቦታ ይቀመጣል፤ ኪሱም ባዶውን አየር ያገኛል።

ዛሬ ብዙ ሰው ካይዴክስ የሚባለውን ፕላስቲክ ይመርጣል። በሙቀት ለስልሶ በቅርጹ ላይ ይጨመቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይጸናል፤ ላብና ዝናብ አይነካውም፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜም ያልቃል። ለዝናብና ለጭቃ ሥራ እኔም እርሱን እመክራለሁ። ግን ፕላስቲኩ ካርታውን ሲለቅ ጠቅ ብሎ ይጮኻል፣ የብረቱንም ቀለም ይልጣል። ቆዳው በዝምታ ይለቃል፣ ከባለቤቱ ገላ ጋርም ይለማመዳል።

ለደንበኛ ከመስጠቴ በፊት ኪሱን የምፈትነው አልጋ ላይ ቆሜ ነው፣ ከታች ብርድ ልብስ ተዘርግቶ። ባዶውን ካርታ አስገባለሁ፣ ገልብጬ ሦስት ጊዜ አናውጠዋለሁ። ከዚያ አዙሬ በሁለት ጣት እስባለሁ። የመጀመሪያው ሳንቲ ሜትር ትንሽ ያንገራግራል፤ ከዚያ የኪሱ አፍ ይለቅና ካርታው አየር እየሳበ፣ እንደ ቀስታ ትንፋሽ ያለ ድምፅ እያሰማ ይወጣል። ያን ድምፅ ካልሰማሁ ቀንዱንና ስፖንጁን መልሼ አነሳለሁ።